ሁለተኛው እግር

አራቱ መርፌዎች ቆመው ይጠብቃሉ፣ አምስተኛው ይሮጣል፤
ካንዱ ዐይን ይገባል፣ በሌላው ይወጣል።
የኪህኑ ሴት ካልሲ የምትሠራው ቁጭ ብላ አይደለም፤
ላም እየነዳች ነው፣ ሐሜት እየሰማች፤ እጇ ግን አይቆምም።
ልቃቂቱ ከብብቷ፣ ቁጥሩ ከከንፈሯ ሥር፣
"ሦስት ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ ሦስት ቀይ፣ አንድ ነጭ" ስትቆጥር፣
መንገድ ላይ እንዴት አደርሽ ያላት ሰው
መልሱን ለማግኘት አንድ ዙር ይጠብቃል።

በዚያ መኸር ኤንዴል ጀልባውን ሬንጅ ይቀባል በደጅ፣
እኔ ከውስጥ፣ ባንድ ጣት ቀይ፣ ባንድ ጣት ነጭ።
"ምነው ቀዩን አበዛሽው?" አለኝ በመስኮት።
"ባለ ባል አይደለሁ? ምን ልልበስ ታዲያ?" አልኩት።
እኛ ደሴት ላይ ቀለም ወሬ ያወራል፤
የደላት በቀይ፣ ያዘነች በሰማያዊ ትታወቃለች፤
ኀዘኗም እየላላ ሲሄድ፣ ቀዩ፣ እንደሚያፍር እንግዳ፣
በቀሚሷ ጠርዝ በኩል ቀስ ብሎ ብቅ ይላል።

ጥለቱን ያስተማረችኝ አማቴ አማሊ ናት።
በቃል አልነገረችኝም፤ አሮጌ ካልሲዋን ገልብጣ
"ከላይማ ሁሉም ያምራል፤ ውስጡን እዪው" አለች፤
ቀዩ ክር በነጩ ጀርባ፣ ነጩ በቀዩ ጀርባ
ተራውን ጠብቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሲያልፍ።
"እዚህ ላይ ካጠበቅሽው ይጨማደዳል፤
ካላላሽው ደግሞ የእግር ጣት ይይዘዋል።"
ስለ ካልሲ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው እግር ባለቀ ማታ
ኤንዴል እጁን ከቶ እንደ አሻንጉሊት አናገረው፤
"ወንድሜስ? ወንድሜ የት አለ?" አለ ካልሲው።
"ተኛ፤ ታናሽህ ነገ ይጀመራል" አልኩት።
ተጀመረ። ሰባ ሁለት ዐይን።
ስድስት ቀን ሠራሁ። በሰባተኛው፣
ባልቲክ ነጭ ሆኖ በተኛበት፣ ሰማዩና ባሕሩ ባልተለየበት፣
እሱ ሸርተቴውን እየጎተተ
ከበረዶው ሥር የጣለውን መረብ ሊያይ ወጣ።
ሄልጂ በሩን ሳታንኳኳ ስትገባ
እኔ ቁርጭምጭሚት ላይ ነበርኩ።
"አንድ ነጭ" ብዬ ቀረሁ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ከሣጥን ሥር ተኛ፣ መርፌዎቹ እንደተሰኩ።
ለዓሣ አጥማጆች ግራጫ፣ ለተማሪ ልጆች ቡናማ፣
ለራሴ ሰማያዊ ሠራሁ፤ እሱን ግን አልነካሁ።
በዚህ ፀደይ ሄልጂ ብል ስታሳድድ አገኘችው፤
መርፌው ዝጎ ነጩ ላይ ቡናማ ጥርስ ትቷል።
"ውሉ የት አለ?" አለችኝ፣ ልቃቂቱን እያገላበጠች።
ውሉንማ ያፈረሰው እሱ ነው፣ አልኩ በሆዴ፤
በአፌ ግን፣ "ከሥር ፈልጊው" አልኳት።

የድሮው ቀይ አልበቃም። የሱቁ ቀይ ደግሞ ይጮኻል፣
ከአሮጌው ጎን ሲቆም ገበያ የወጣ ኮበሌ ይመስላል።
ያዘነ እጅ ክር ያጠብቃል ይባላል፤
የኔ ላላ። ማንን ልይዝ ብዬ ላጥብቀው?
ተረከዙን አዞርኩ፣ ውስጥ እግሩን ወረድኩ፣
ጫፉን ስዘጋ ሰኔ ሆኗል።
ሄልጂ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ
"ተርትሪው፤ አቻ አይደሉም" አለች።
እውነቷን ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ መስመሩ ይታያል፤
ከላይ የሚስት እጅ፣ ከታች የሌላ ሰው።
"ሁለቱም የኔ ናቸው" ብዬ ነጠቅኳት።

እሑድ አጥልቄያቸው ወደ ወደቡ ወረድኩ።
ግራው ልክ ነው። ቀኙ ጫማዬ ውስጥ ይሰበሰባል፤
በየመቶ እርምጃው ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ እስበዋለሁ።
ከሩቅ ያየኝ ሰው
ሌይዳ ለባሕሩ እጅ ትነሣለች ይበል፤
እኔ ካልሲዬን ነው የምስበው።